መቶ ስድሳ ሺህ የምን?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም። ከዚህ በታች የማወራው ነገር የደረሰበት ሰው ቁጥር የማያውቅ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ቁጥር አውቃለሁ። በቁጥር ምክንያት አማቴ ፊት ቆሜ ያፈርኩትን ያህል ግን በሌላ በምንም ነገር አፍሬ አላውቅም።

ነገሩን ያመጣብኝ ሀብታሙ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ሀብታሙ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያንቀላፋ ነበር፤ አሁን አዲስ አበባ ሆኖ ለአንድ የውጭ ድርጅት ይሠራል። ድርጅቱ ቢትኮይን የሚባለውን፣ በስልክና በኮምፒዩተር ብቻ የሚኖረውን ገንዘብ መያዣ ቦርሳ ያዘጋጃል። ቦርሳ ስል የቆዳ እንዳይመስላችሁ፤ እሱም ስልክ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ደወለና "ቲቸር፣ ይህን ቦርሳ ወደ አማርኛ ይመልሱልን። ክፍያውም በዚያው በቢትኮይን ነው" አለኝ።

ተቀበልኩ። ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ወር ሙሉ ስልኬ ላይ አቀረቀርኩ። ሥራው ከሒሳብ ይልቅ ወደ ሥነ ምግባር ያደላ ነበር። ለምሳሌ ቦርሳው ባለቤቱን "አንተ" ይበለው ወይስ "እርስዎ" የሚለው ጉዳይ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ገንዘብ ያለውን ሰው አንተ ማለት ደፋርነት ነው ብዬ "እርስዎ" አልኩት። ገንዘቡ ሲያልቅስ ምን ሊለው ነው የሚለውን ጥያቄ ለሌላ ጊዜ ተውኩት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ መስመር ቀረች። የአማርኛ ተጠቃሚ ገንዘቡን ሲከፍት በምን መለኪያ ተጽፎ ይየው? ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሙሉ ቢትኮይን በዚያ ሰሞን ማርቆስ ላይ ደኅና ግቢ ከነቤቱ ያስገዛ ነበር። ስለዚህ እንደኔ ያለ ሰው የሚኖረው ሙሉው ሳይሆን ፍርፋሪው ነው። የኔ የወር ድካም በሙሉው ሲጻፍ 0.0016 ነው። በሺኛው ሲጻፍ 1.6 ይሆናል። በሚሊዮንኛው፣ ቢት በሚሉት መለኪያ፣ 1,600 ይሆናል። ሳቶሺ በሚሉት በመጨረሻው ብናኝ ደግሞ 160,000 ይሆናል። አራቱም አንድ ገንዘብ ናቸው። ድርጅቱ "ከአራቱ አንዱን ይምረጡልን፤ አስቀድመው ግን በሰው ላይ ይሞክሩት" ብሎ ጽፎልኛል።

የሚሞከርበት ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ቤታችን በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘርግታ ትሠራለች። አጠገቧ ሄጄ ስልኩን ሰጠኋት።

"ስንት ይላል?"

አየችው። "ዜሮ ይላል።"

"ቀጥለሽ አንብቢው እንጂ።"

"ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ…" ማንበቡን ተወችው። "ወር ሙሉ አንገትህን ደፍተህ የከረምከው ለዚህ ነው?"

"ከዜሮዎቹ ኋላ ቁጥር አለ።"

"ይኖራል። አንተ ዘንድ ሁልጊዜ ከኋላ የሚመጣ ነገር አለ።"

ደብተሬ ላይ "ሙከራ አንድ፦ ተጠቃሚዋ ዜሮውን አላለፈችም" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ መለኪያውን ወደ ሺኛው ለወጥኩና መልሼ ሰጠኋት።

"አንድ ነጥብ ስድስት" አለች። "ሜትር ከሆነ ለቀሚስ አይበቃም።"

ይህንም ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ቢትን መሞከር ነበረብኝ። ነገር ግን አንድ የስፌት ደንበኛ መጥታ ስለነበር ቸኮልኩና ዘልዬ ሳቶሺ ላይ አደረግሁት። ጥሩወርቅ ስልኩን አየች፤ እግሯ ከመኪናው መርገጫ ላይ ቆመ። ደንበኛዋን ነገ ነይ ብላ ሸኘቻት።

"መቶ ስድሳ ሺህ" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"አዎ፣ መቶ ስድሳ ሺህ።"

"ታዲያ ይህን ይዘህ ነው ዜሮ እያልክ የምትጫወትብኝ?"

እዚህ ላይ መናገር የነበረብኝን አውቃለሁ። ይኸ ሳቶሺ ነው፣ አንዱ ሳቶሺ አሥራ አንድ ሳንቲም ከምናምን ነው፣ ሁሉም ተጠራቅሞ አሥራ ስምንት ሺህ ብር ግድም ነው ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን አየችኝ። ከሠርጋችን ሳምንት ወዲህ በዚያ ዓይን አይታኝ አታውቅም። ሰው አንዴ እንዲያ ከታየ በኋላ "በሳንቲም ሲመነዘር" ብሎ ወሬ መጀመር ይከብደዋል። ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሁለት እንቁላል ተጠብሶ ጠበቀኝ። በሁለተኛው ቀን ሸሚዜ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤታችን ምክትል ርእሰ መምህር፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በአባቴ ስም ሲጠራኝ የኖረው ሰውዬ፣ በገዛ ስሜ ጠርቶ በር ላይ አሳለፈኝ። ወሬው ከየት እንደደረሰው አልጠየቅሁም። ደብተሬ ላይም ምንም አልጻፍኩም፤ ሙከራው ጥሩ እየሄደ ነበርና።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጥሩወርቅ በስልክ ስታወራ ቆየችና ፈገግ ብላ መጣች።

"ደሴ ቆርጧል" አለች። ደሴ አምበር የሚኖር ታናሽ ወንድሟ ነው። ሁለት የእርሻ በሬ አለው፣ ጤፍና ስንዴ ያርሳል፣ ከሁሉ በላይ ግን ባጃጅ ይወዳል። "ነገ ገበያ ሁለቱንም በሬ ሊሸጥ ነው። እዚህ ማርቆስ የሚሸጥ አሮጌ ባጃጅ አግኝቷል።"

"በሬው ብቻ ባጃጅ ይገዛለታል?"

"የጎደለውን አንተ ትሞላለታለህ ብዬዋለሁ። ለሥጋ ዘመድ ካልሆነ መቶ ስድሳ ሺህ ምን ያደርጋል?"

ያን ጊዜ ነገርኳት። ከሳንቲሙ ጀምሬ እስከ አሥራ ስምንት ሺሁ ድረስ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ ሁሉ በቅደም ተከተል አስረዳኋት። ጥሩ አድርጌ ያስረዳሁ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ወዲያው ገባት።

"ሦስት ቀን ሙሉ ታውቅ ነበር?" አለችኝ።

"አንቺስ የምን ብለሽ አልጠየቅሽኝም።"

"መቶ ስድሳ ሺህ ሲባል የምን ተብሎ ይጠየቃል?"

እውነቷን ነው። ዜሮ ቢባል ሰው ሁሉ የምን ዜሮ ብሎ ይጠይቃል፤ መቶ ስድሳ ሺህ ከተባለ ግን ጠያቂ የለም። ይህን ግኝት ደብተሬ ላይ ለመጻፍ ሰዓቱ አልነበረም። ደሴ ጋ ደወልን፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግመን ደወልን፣ ዝግ ነው። ጥሩወርቅ "አንተ ያመጣኸውን አንተው ሄደህ ንገረው። እኔም እመጣለሁ፤ አባቴን ሳልይዝ ግን ገበያው አልገባም" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት የደጀኑን መስመር ይዘን በሚኒባስ ወጣን። መንገዱ አጭር ነው፤ ከጎንህ የተቀመጠው ሰው የማያናግርህ ከሆነ ግን ይረዝማል። አምበር ስንደርስ እሷ ወደ አባቷ ቤት፣ እኔ ወደ ከብት ገበያው ተለያየን።

ደሴን ያገኘሁት አንድ በሬ ይዞ ቆሞ ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"ጋሼ፣ አንተ ራስህ ይዘኸው መጣህ? በባንክ ብትልከው ምን ነበረበት።"

"ሌላው በሬ የት አለ?"

"ወይኖን ሸጥኩት። አሁን፣ ሰባ ሺህ ብር። ሰውዬው ሰባ ሲለኝ እሺ አልኩት፤ ለሰባና ለሰማኒያ ምን አጨቃጨቀኝ፣ አንተ እያለህልኝ።"

ገዢው ገና አልራቀም። ጥቁር ጋቢ የለበሱ ጠና ያሉ ገበሬ ናቸው፤ አያ ሙላት ይባላሉ። ወይኖን በገመድ ይዘው ከጓደኛቸው ጋር ያወራሉ። ሮጬ ደረስኩባቸውና በሬው በስሕተት እንደተሸጠ ነገርኳቸው።

"ምን ስሕተት አለበት? እሱ ሸጠ፣ እኔ ገዛሁ፣ ብሩን ቆጠርን።"

"ስሕተቱ እዚህ ስልክ ውስጥ ነው" አልኳቸውና አውጥቼ አሳየኋቸው።

ይህን ማድረጌ ጥሩ አልነበረም። በከብት ገበያ መሐል ስልክ አውጥቶ ስለ ገንዘብ የሚያስረዳ ሰው ብቻውን አይቆምም። ወዲያው ሃያ ሰው ከበበኝ። መለኪያውን አንድ በአንድ እየለወጥኩ ማሳየት ጀመርኩ። "ይኸው አሁን መቶ ስድሳ ሺህ ይላል። አሁን ደግሞ ስነካው አንድ ሺህ ስድስት መቶ አለ። አሁን ዜሮ ነጥብ…"

"ቆይ፣ ጠፋ" አለ አንዱ።

"አልጠፋም፤ ያው ነው።"

"እስኪ መልሰው።" መለስኩት። "አሃ፣ መጣ። እስኪ ደግሞ ጨምረው።"

"ከዚህ በላይ አይጨመርም።"

"ታዲያ የሚጨመረውን ነካ ነካ አታደርገውም" አለ ሌላው፤ ከልቡ ነው የሚመክረኝ። ሦስተኛው ደግሞ የበግ መሸጫ ብሩን ከኪሱ አውጥቶ የሱም በዚያ ሊነካለት ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም፤ ሁሉም በትኩረት ይከታተላል፣ ማንም ግን አልገባውም።

የገባቸው አያ ሙላት ብቻ ናቸው። ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው "መምህር፣ በብር ስንት ነው?" አሉኝ።

"አሥራ ስምንት ሺህ።"

"መጀመሪያውኑ እንዲያ አትልም ነበር?" አሉ። ከዚያ ወደ ደሴ ዞሩ። "ለአሥራ ስምንት ሺህ ብር ነው ጥማድ በሬህን የምታፈርሰው?"

ደሴ እኔን አየኝ። የቀረውን በሬውን የዳልቻን ገመድ በእጁ ላይ አንዴ ጠቀለለው፣ መልሶ ፈታው። ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

በዚህ መሐል ጥሩወርቅ አባቷን ይዛ ደረሰች። አማቴ መሪጌታ ይኄይስ የቅኔ መምህር ናቸው። የአገሩ ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ከበው የቆሙት ሁሉ መንገድ ለቀቁላቸው። ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁትና አራቱንም መለኪያ አንድ በአንድ አሳየኝ አሉኝ፤ አሳየኋቸው። እሳቸው እንደሌላው አልተደነቁም።

"ይኸማ የታወቀ ነገር ነው" አሉ። "በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት ስድሳ ኬክሮስ ነው። አንዱ ኬክሮስ ስድሳ ካልዒት፣ አንዷ ካልዒት ደግሞ ስድሳ ሣልሲት። እኔ ዕድሜዬን በሣልሲት ብነግርህ ከማቱሳላ እበልጣለሁ። ጉልበቴ ግን ያው ነው፤ ይህን ኮረብታ ስወጣ አረፍ እላለሁ።"

"ልክ ነው፣ የኔታ።"

"አንተ ታዲያ ለሚስትህ በሣልሲት ነገርካት?"

"አዎ።"

"ለምን?"

ሰው ሁሉ መልሴን ይጠብቃል። ሌላ የማቀርበው ምክንያት ስላልነበረኝ እውነቱን ተናገርኩ። "ደስ ስላላት ነው፣ የኔታ። ደስ ሲላት ደስ አለኝ።"

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ በሬዎቹ ዞረች። ከበውኝ ከነበሩት ውስጥ አንድ ሽማግሌ "እሱስ እውነት ነው" ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ሰዉ መበታተን ጀመረ።

የኔታ አያ ሙላትን ወደ ጎን ወስደው ለመኗቸው። አያ ሙላት በአክብሮት አዳመጧቸውና እንዲህ አሉ፦ "የኔታ፣ የእርስዎን ቃል ማስቀረት ይከብደኛል። ግን አንዱ በሬዬ ሞቶብኝ ነው ገበያ የመጣሁት። ሰኔ ደርሷል። ይህን ከመለስኩ እኔ ምን ላርስበት ነው?"

እሳቸው በሚገባ ጠይቀው፣ በሚገባ ከፍለው የገዙት በሬ ነው። የኔታም "እውነት አለህ፤ ይባርክልህ" ብለው ተመለሱ።

አያ ሙላት ወይኖን እየጎተቱ ሄዱ። ትንሽ ራቅ እንዳሉ ደሴ ዳልቻን ለኔ አስይዞኝ ተከትሏቸው ሮጠ። ብሩን ሊመልስ መስሎኝ ነበር። ደርሶባቸው "በቀኝ ነው የሚጠመድ፤ በግራ ካደረጉት አይሄድልዎትም" ሲላቸው ሰማሁ። ከጥጃነቱ ያሳደገው እሱ ነው። ተመልሶ መጥቶ ገመዱን ከእጄ ወሰደ።

"ጋሼ፣ አልተቀየምኩህም" አለኝ። "ባጃጁ ቀለሙ ሰማያዊ ነበር።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰኞ ሀብታሙ ጋ ደውዬ ቢትኮይኔን እሱ ራሱ እንዲወስድና በብር እንዲልክልኝ ለመንኩት፤ ላከልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከደሴ ጋር ገበያ ወጣን። የእርሻ ሰሞን ነውና በሬ ሁሉ ተወዷል። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ወይኖን የሚያህል አንድ በሬ አገኘን። ባለቤቱ ከሰማኒያ ስምንት ሺህ ንቅንቅ አልል አለ። ደሴ እጁ ላይ ያለው የወይኖ ሰባ ሺህ ነው። ልዩነቱን ለማስላት የሒሳብ መምህር አያስፈልግም። አሥራ ስምንት ሺሁን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁ። የኔታ በሬውን አይተው ስሙ "ነጥብ" ይሁን አሉ። የግንባሩን ምልክት ነው ያሉት፤ ደቀ መዛሙርታቸው ግን ወርቁን ወዲያው አግኝተው እኔን እያዩ ሳቁ።

ለድርጅቱ መልስ መስጠት ነበረብኝ። መጀመሪያ "በብር ይጻፍልን" ብዬ ላክሁ። "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፤ ብር ግን ከአራቱ አማራጮች ውስጥ የለም" አሉኝ። የኔታን አማከርኳቸው። ኬክሮስ ብለህ ሰይመው አሉ፤ ኬክሮስ በስድሳ እንጂ በሺህ እንደማይሄድ ሁለታችንም ስለምናውቅ ተውነው። በመጨረሻ ያን ዕለት በችኮላ የዘለልኳትን ቢትን መረጥኩ። አንድ ቢት በዚያ ሰሞን የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ነበረች። የወር ድካሜም በሷ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ነው፤ ሚስት የምትንቀው ቁጥር አይደለም፣ በሬ የሚያሸጥም አይደለም። ምክንያቱን በአንድ ገጽ አብራርቼ ላክሁላቸው። በሬ የሚለው ቃል አራት ቦታ ገብቶ ነበር፤ ማብራሪያ አልጠየቁኝም።

ክረምቱ አልፎ አጨዳው ሲያልቅ ደሴ ደወለ። ጥሩወርቅ ስልኩን ጮክ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ ነጥብ ደኅና አርሷል። ያንን ገንዘብ ልመልስልህ።"

"ስጦታ ነው፤ ተወው።"

"አልተውም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚህ የሚያውቁ ሰዎች ያ ገንዘብ አሁን ከዚያን ጊዜ ይልቅ ዋጋው በጣም ወጥቷል ይሉኛል። እኔ ያለብኝ አሥራ ስምንት ሺህ ብር ነው ወይስ መቶ ስድሳ ሺሁ? በየትኛው ቆጥሬ ልስጥህ?"

ዋጋው መውጣቱን አውቅ ነበር። በየቀኑ እመለከተዋለሁ፤ ይህንም ለማንም አልተናገርኩም። በብር ካልኩ ቢትኮይኔን በከንቱ ሸጥኩት። በሳቶሺ ካልኩ ደግሞ ደሴ ነጥብንም ዳልቻንም ገበያ ሊያወጣ ነው። አፌን ከፍቼ ስቆይ ጥሩወርቅ ከስፌቷ ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንደምል ለማወቅ የፈለገች ትመስላለች።

"በጤፍ" አልኩት።

"ስንት ጤፍ?"

"አንድ ኩንታል። ነጭ ይሁን።"

ደሴም "ይኸማ ይገባኛል" አለ።

በሳምንቱ ጤፉን ሚኒባስ አናት ላይ ጭኖ አመጣው። በረንዳው ላይ ስናወርደው እኔ በልማዴ "ልክ መቶ ኪሎ ይሆን?" ስል፣ ጥሩወርቅ የጆንያውን አፍ ፈታች፣ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች፣ ከታች ዘግና አወጣችና መዳፏ ላይ እፍ አለችው። ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

"ይኸ እንኳ አለ" አለች።